ባሌ በጣሊያንኛ «ሚስቴ» አለኝ

ዛሬ ባሌ በሰው ፊት «ሚስቴ ናት» አለ፤ ያውም በጣሊያንኛ!

መርሳ ከተማ ጋራዥ ውስጥ መኪና ይጠግናል። ከተጋባን አስራ ስምንት ዓመታችን ነው፤ ዓይን አፋር ስለሆነ ግን እንግዳ ሲመጣ «ቤተሰብ ናት» ብሎ ያልፈኛል። አልናገርም እንጂ ቅር ይለኝ ነበር።

ሰሞኑን ከስልኩ ላይ ጣሊያንኛ ይማራል። የመኪና ዕቃ ስም ብዙው ጣሊያንኛ ስለሆነ፣ እኔ ደግሞ እሱን የሚያጠና መስሎኝ!

ዛሬ ምሳውን ይዤ ጋራዥ ስደርስ፣ መኪናው የተበላሸበት ጣሊያናዊ መንገደኛ አጠገቡ ቆሟል። ባሌ ግራሶ በነካው እጁ ወደ እኔ እያሳየ «ሚያ ሞልዬ» አለው።

«ምን አልከው?»

«ሚስቴ ናት ነው ያልኩት።»

«እስቲ በአማርኛ ድገመው።»

ሠራተኞቹ ሁሉ እያዩት፣ በላብ ተጠምቆ፣ «ሚስቴ» አለኝ። ምሳውን አስቀምጬ አቀፍኩት፤ ነጠላዬ ግራሶ በግራሶ ሆነ።

እናንተንስ የትዳር አጋራችሁ በሰው ፊት ምን ብሎ ይጠራችኋል?