ከጀልባዋ የወጣው መቀመጫ

ከደብዳቤ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ደብዳቤውንም ቢሆን ሌላ ሰው እየነገረኝ ነው የምጽፈው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን ግን የሚነግረኝ ሰው የለም።

በደርግ ጊዜ አባቴ ሐይቅ ላይ የመንግሥት ጀልባ ይጠብቅ ነበር። በነሐሴ ዝናብ ጀልባዋ ዳር እንደታሰረች ውኃ ሞላባትና ሰጠመች። ጎትተው ሲያወጧት ሌላው ደህና ነበር፤ የተበላሸው መቀመጫው ነው፣ በሸራ የተለበጠ ረጅም ስፖንጅ። "አሻጥር ነው" ተባለና አባቴን ደሴ አምጥተው አሰሩት። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መቀመጫውን ሰኞ ዕለት ለእኔ ሰጠኝ።

"እስከ ቅዳሜ እንደነበረ አድርቀሽ ካመጣሽ አባትሽ ይለቀቃል። አለዚያ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል" አለኝ።

ጉዳዩ ወደ ላይ ከሄደበት ሰው የተመለሰ አላየሁም። እሺ ብዬ ተሸክሜ ወጣሁ። አላለቀስኩም።

ደሴ በነሐሴ ጉም ነው፤ ነጠላ እንኳ በሦስት ቀን አይደርቅም። ስለዚህ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ልወስደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ውኃው በሰዉ እግር ሥር ፈሰሰ።

"ልጄ፣ ሐይቁን ይዘሽው መጣሽ እንዴ?" አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

"ዓሣውንስ ለማን ተውሽው?" አለ ከኋላቸው ያለው። ሰው ሳቀ። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ኮምቦልቻ ጧት ጧት ፀሐይ ይወጣል። ቆርቆሮ ላይ ሁለት ቀን አሰጣነው። ሸራው ደርቆ እንደ ቆዳ ተገተረ። ሐሙስ ጧት በጉልበቴ ስጫነው ግን በስፌቱ የገማ ውኃ ወጣ።

"ተርትሪው" አለች አክስቴ።

"እንደነበረ ነው ያሉኝ። ከተተረተረ ያውቃሉ።"

"ወላሂ እንዲህ እየሸተተ ብትወስጂው ነው የሚያውቁት። ሸራው ውኃውን ቆልፎበት ተቀምጧል። ምላጭ አምጪ።"

በአንድ ጎኑ ተረተርኩት። ስፖንጁን አጥበን ውኃው እስኪጠራ በእግራችን ረገጥነው። "አትጠምዝዢው፣ ይቀደዳል" አለችኝ። ግድግዳ አስደግፈን አቆምነውና ፀሐይ በወጣ ቁጥር ስንገለብጠው ዋልን። ዓርብ ከሰዓት ጉንጬን አስጠጋሁበት፤ አልቀዘቀዘኝም። መርፌውን በአሮጌው ቀዳዳ እያስገባሁ መልሼ ሰፋሁት። ያገኘሁት ክር ነጭ ስለነበር በጥላሸት አሸሁት። ለምን እንዳልፈራሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ለጎረቤት ትራስ የምሰፋ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ጧት ደሴ መለስኩት። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ የሱሪውን ኋላ ዳበሰ። ደረቅ ነበር። ቀጥሎ ጣቱን በስፌቱ ላይ አስኬደ። ጥላሸቱ ጣቱ ላይ ቀረ። ጣቱን አየ፣ እኔን አየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጣቱን በአባቴ መልቀቂያ ወረቀት ጠርጎ በዚያው ወረቀት ላይ ፈረመ።

አባቴን አወጡት። ሰላም እንኳ ሳልለው፣ ገበያ እንደሚረፍድበት ሰው ፊት ፊት ሄድኩ። ትንሽ ከራቅሁ በኋላ ከኋላዬ ጠራኝ።

"ቀስ በይ እንጂ ልጄ። እኔን ፈቱኝ እንጂ እግሬ ገና አልተፈታም።"