በእድር ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ

ያኔ ካዛንቺስ፣ እናቴ ቤት ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ቁጭ ብዬ ቢትኮይን እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ሰፈሩ ሥራ ፈት ይለኛል። ያመነኝ አብሮ አደጌ ብቻ ነበር። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሊገዛ ያጠራቀመውን በሙሉ ሰጥቶኝ፣ በቢትኮይን አስቀመጥኩለት።

የቤቱ ክፍያ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሬን አቃጠለው። አልደነገጥኩም። ገንዘቡን በሌላ ኮምፒውተር የሚያስከፍቱኝን አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በእናቴ የእድር ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ ጽፌአቸዋለሁ። እኛ ቤት ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ የእድር ደብተር ግን አይጠፋም። ብልጥ መሆኔ እኮ ነው!

ደብተሩን ከቡፌው አውጥቼ ገለጥኩት። ገጹ ባዶ ነው።

እናቴን ጠየቅኳት። የእድሩ ጸሐፊ ደብተር ያቆሸሸ ይቀጣል ስላሉ በላጲስ አጥፍታዋለች።

«ማን ንኪ አለሽ? የሰው ቤት አፈረስሽ እኮ!» አልኳት።

በዕድሜዬ ጮኼባት አላውቅም። ላጲሱን ከመሳቢያ አውጥታ፣ ልክ እሱ የሚመልሰው ይመስል፣ እጇ ላይ ይዛው ቆመች።

ደብተሩን መስኮቱ ጋ ወስጄ ዘንበል ሳደርገው ጭረት ታየኝ። ለካ እርሳሱን ጫን ብዬ ነው የጻፍኩት። በስልኬ መብራት ከጎን እያበራሁ ቃላቱን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ስምንተኛው ላይ ያው አብሮ አደጌ ደወለ፤ ላፕቶፕህን አውሰኝ ብዬው ኦሎምፒያ ካፌ ይዞት እየጠበቀኝ ነው። አላነሳሁም። የመጨረሻዋ ቃል ግማሿ የለችም፤ ላጲሱ ወረቀቱን በልቶታል።

ኦሎምፒያ ድረስ በእግሬ ሮጥኩ። ላፕቶፑን ተቀብዬ ቃላቱን አስገባሁ፣ የመጨረሻዋን በግምት። እምቢ አለ። ሌላ ሞከርኩ፣ እምቢ። በአራተኛው ተከፈተ። ጓደኛዬ ምን እንዲህ አላበህ ሲለኝ ታክሲ አጥቼ ነው አልኩት። በማግስቱ የቤቱን ክፍያ ከፈለ።

እናቴን የዚያኑ ማታ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ምን ሆንክና፣ ብላ እራት አቀረበችልኝ። እኔም በቃ፣ አለፈ ብዬ ተኛሁ።

ከዓመታት በኋላ ወሎ ሰፈር ቢሮ ከፈትኩ፣ ሠራተኛም ቀጠርኩ። አንድ ቀን እናቴ ልትጎበኘኝ መጣች። ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ ቢሮዬ አስገቧት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስገባ፣ በዚያ በሚያማት እግሯ ቆማ አገኘኋት። የእንግዳው ወንበር ላይ አንድ ወረቀት ትቼ ኖሯል።

«ልንካው ልጄ?» አለችኝ።