የወንድሜ ጠርሙስ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ባለፈው ሳምንት ግን የጎረቤቴን ልጅ መርፌ ላስወጋ ሄጄ የስፒሪት ሽታ ሲሸተኝ፣ ቡታጅራ የነበረው የድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ ክፍል ፊቴ ድቅን አለ።

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰው ሁሉ "መጠጥ ነው" አለ። አዲስ አበባ ያየው ሐኪም ግን በዘር የሚወርድ በሽታ ነው፣ ሰውነቱ ውስጥ መዳብ እየተጠራቀመ ነው አለን። የሰጠው ክኒን መዳቡን በሽንት ያስወጣል። "ኩላሊቱን ግን ሊጎዳው ይችላል፤ በየሳምንቱ ሽንቱ ይታይ" ብሎ አስጠነቀቀን።

ሽንቱን ለድሬሰሩ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ በጠርሙስ ይሰጠኛል፤ እኔ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ አንገቴን ደፍቼ በበርበሬ ተራ አልፋለሁ። አብሮት የሚሰፋው ጓደኛው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ "እህት ዓለም፣ ጠጁን እንዳታፈሺው!" ይለኛል። ሁለቱም ይስቃሉ። ድሬሰሩ ሽንቱን በመስታወት ቱቦ አድርጎ በስፒሪት መብራት ያሞቀዋል። እንደ እንቁላል ነጭ ከረጋ ኩላሊቱ ተጎድቷል ማለት ነው። ሁልጊዜ ጥርት እንዳለ ይቀር ነበር። "ወንድምሽ ደህና ነው" ሲለኝ እየሮጥኩ እመለሳለሁ።

እጁም ተመለሰለት። ክር በመርፌ ዓይን ማሾለክ ቻለ፤ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ማበጥ ጀመረ። ጫማው እምቢ አለው። "እንቅልፍ አብዝቼ ነው" አለኝ። አመንኩት፤ ቱቦውን በዓይኔ አይቼ የለ?

አንድ ቀን ጓደኛው መንገድ ላይ ጠበቀኝ። አልቀለደም።

"የእኔ ነው" አለኝ፣ ጠርሙሱን እያየ። "የሱ ሽንት አረፋ ማብዛት ከጀመረ ወዲህ የምትወስጂው የእኔን ነው። ክኒኑን ያስቆሙኛል፣ የእጄ መንቀጥቀጥ ይመለስብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ለምኖኝ ነው፣ እህት ዓለም።"

ወንድሜን እጁን ይዤ ድሬሰሩ ዘንድ ወሰድኩት። የራሱ ሽንት ገና ሲሞቅ ነጭ ሆኖ ረጋ። ድሬሰሩ ያታለልኩት እኔ መስዬው ዞሮ አየኝ። ያ አስተያየቱ አሁንም ይህን ስጽፍ ፊቴን ያቃጥለኛል።

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ አሳፈርነው። በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው። በመስኮቱ ስንቁን እያቀበልኩት፣ "ለምን እኔን?" አልኩት። ያበጡ ዓይኖቹን ወደ እጆቹ መለሰ።

"ሌላ ሰው ብልክ ይጠይቀኝ ነበር" አለ። "አንቺ አትጠይቂም።"