ባለትዳር የሚያስመስል ሂና

ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር አንድ ክፍል የምትጋራኝ ልጅ ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሰችኝ። ማታ ከወዳጇ ጋር ሳሉ ኮንዶሙ ተቀዷል። ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ካረገዘች አሠሪዎቿ በዚያው ቀን ያባርሯታል፣ አገር ቤት ያሉት አባቷም ደጃቸውን አያስረግጧትም።

አረብኛው የሚቀናኝ እኔ ስለሆንኩ እርግዝና የሚከላከለውን ኪኒን ልገዛላት ወጣሁ። የሰፈራችን ፋርማሲስት የፈለግሁትን ስነግረው ዓይኑን እጄ ላይ ጣለ።

«ሙተዘውጃ?» ባለትዳር ነሽ ማለቱ ነው።

«አይዋ» አልኩት፣ አዎ።

«ሂናሽስ?»

እኛ ጋ ኮረዳዋም እንሶስላ ትሞቃለች፤ ካርቱም ውስጥ ግን እጇንና እግሯን በሂና የምታስጌጠው ባል ያላት ናት። «ሐራም ነው፤ ባልሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ። ደሜ ፈላ።

በንዴት ሞኝ ሆንኩ። አጠገቡ ሂና የምትቀባ ሴትዮ ቤት ገብቼ ሁለቱንም እጄን ዘረጋሁላት። ኪኒኑ የሚረዳው ቶሎ ሲዋጥ ነው፤ እኔ ግን ጣቶቼን አንጨፍርሬ ቀለም እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ስልኬ ጭኔ ላይ ይጮኻል። ልጅቷ ናት፣ ማንሳት አልችልም። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ።

«ያላ፣ አልደረቀም?»

«ሙሽራ አትቸኩልም» ብላ ሳቀችብኝ።

ታጥቤ ስመለስ ፋርማሲው ለሶላት ተዘግቷል። መጠበቅ አልቻልኩም፤ ሚኒባስ ላይ ተንጠልጥዬ ጀብራ ሰፈር ሄድኩ። እዚያ ያለችው ፋርማሲስት እጄን ልብ ብላም አላየችው። ኪኒኑን ሰጥታኝ አወሳሰዱን አስረዳችኝ። ነፍስ ያጠፋ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ላ፣ ላ። የእንቁላሉን መውጣት ያዘገያል እንጂ የተያዘ ፅንስ አያስወርድም።»

ቤት ስደርስ ልጅቷ በር ላይ ትንቆራጠጣለች። «ጥለሽኝ የጠፋሽ መስሎኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ኪኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ ፈዘዘች።

«ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች ማስወረድ ነው ይላሉ እኮ። እግዜርስ ምን ይለኛል?»

ፋርማሲስቷ ያለችኝን ነገርኳት። በቶሎ ዋጪው ብዬ ልጮህባት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ገላውም ነፍሱም የሷ ነው። ውሃ ቀድቼ አጠገቧ አስቀመጥኩላት። በመጨረሻ አማተበችና ዋጠችው።

እሷ የወር አበባዋን ስትጠብቅ እኔ ሂናው እንዲለቅልኝ እጠብቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን እነዚያው ሴቶች እጄን እያገላበጡ «መብሩክ! ማንን አገባሽ?» ይሉኛል። እሷ አጠገቤ ቆማ አንገቷን ትደፋለች። እኔም በሳቅ አልፋቸዋለሁ፣ ውስጤ ግን ይበግናል።

አንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት «መጣ!» ብላ ጮኸች። እየሳቀች ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ሳቋ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች።

«እግዜር ግን ይፈርድብኝ ይሆን?»

የደበዘዘውን እጄን ይዛዋለች።

«እጅ እያየ የሚፈርደው ፋርማሲስቱ ነው» አልኳት።