የልጁ አስተርጓሚ

አንጁሎ ሶዶ በሚገኘው የአውራጃ ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ ነበር። ቦታው ከሹሙ ጠረጴዛ በስተቀኝ ነው፤ ወንበር የለውም። ባለጉዳይ በወላይትኛ ይናገራል፣ እሱ በአማርኛ ያቀርባል፤ ሹሙ በአማርኛ ይቆጣል፣ እሱ ቁጣውን አለስልሶ በወላይትኛ ያደርሳል። በአማርኛ ያልተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ገበያ ሲወጣ ሰዉ «አንጁሎ፣ አፉ የመንግሥት፣ ሆዱ የኛ!» እያለ ይተርበዋል። እሱም አብሮ ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ ግን ያን ቀን ያስተረጎመው ይመጣበታል። ተበዳዩ በእንባ የተናገረው በእሱ አፍ አልፎ ሹሙ ዘንድ ሲደርስ እንባው ደርቋል።

አንድ ልጁን ኤርካሎን ሲያስተምር ምኞቱ ይኸው ነበር፤ የወላይታን ሰው ያለ አስተርጓሚ የሚሰማ ሹም እንዲሆንለት። የልጁ እናት በወሊድ ስለሞተች፣ ያሳደገችው ተበላ ከተማ አጠገብ የምትኖረው የአንጁሎ እህት ፋንታዬ ናት። ኤርካሎ እዚያው ሶዶ፣ ኦቶና ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ፤ እያደር አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት የአስተዳደር ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያ ሥራ ላይ ያሉ ጸሐፊዎችን ለጥቂት ወራት እየጠራ ነበር የሚያስተምረው። እየሰፋ ሲሄድ እንደ ኤርካሎ ያሉትን ወጣቶችም ከየጠቅላይ ግዛቱ ይወስድ ጀመር።

«ልጅህ ሹም ሆኖ ሲመጣ አንተን ምን እናደርግሃለን?» አለው አንድ ቀን ዋናው ጸሐፊ አቶ ሀብተጊዮርጊስ።

«እንሰት እተክላለኋ፣ ጌታው!»

«አንተ? ዕድሜህን ሙሉ ከምላስህ በቀር ምንህን አሠርተህ ታውቃለህ?»

ቢሮው በሳቅ ተሞላ። አንጁሎ ግን የምሩን ነበር።

በ1956 ዓ.ም. ኤርካሎ የአቤቱታ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተመለሰ፤ አንጁሎም ከልጁ ጠረጴዛ በስተቀኝ ይቆም ጀመር። ሥራ በጀመረ ሳምንት ፋንታዬ ከተበላ በእግሯ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ባለርስቱ ማሳዋን ሊነጥቃት ተነሥቷል። ኤርካሎ በልጅነቱ የሚወደውን ቦይና፣ ጎደሬውን፣ ቀቅላ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ይዛለታለች። ጥቅሉን በር ላይ አስቀምጣ ገባች።

«ታ ናአው» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያም በወላይትኛ ቀጠለች። «ቦታውን ታውቀዋለህ። ከዋንዛው ላይ ወድቀህ ክንድህ የተሰበረበት ነው። እስከ ዋንዛው ድረስ የኛ አይደለም እንዴ?»

ኤርካሎ ቀና አለ። አንጁሎ አፉን ዘጋ። ይህችን ዝምታ ስንት ዓመት ጠብቋታል።

ከወዲያኛው ጠረጴዛ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቶ አንጁሎ» አለ ኤርካሎ በአማርኛ፤ «ባለጉዳይዋ ምን ይላሉ?»

አንጁሎ ልጁን አየው። የልጁ ብዕር የአስተርጓሚውን ቃል ሳይጠብቅ መጻፍ ጀምሯል።

«ጌታዬ፣ ይላሉ ባለጉዳይዋ» ሲል ጀመረ አንጁሎ፤ «ቦታው እስከ ዋንዛው ዛፍ ድረስ የባለቤቴ ነው ይላሉ።»

የተሰበረውን ክንድ አላስተረጎመም።

ፋንታዬ አማርኛ አትሰማም። «ጌታዬ» የምትለዋን ቃል ግን ከገጠር የመጣ ሁሉ ያውቃታል። ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። ከዚያ በኋላ ኤርካሎን ልጄም ጌታዬም አላለችው፤ የተጠየቀችውን ብቻ መለሰች።

«ዋንዛው በየት በኩል ነው?» አለ ኤርካሎ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

አንጁሎ ጠየቃት። ነገረችው። ነገረው።

«ይጣራል። በቀጠሮ ይመለሱ።»

የኤርካሎ ድምፅ ሻከር ብሎ ነበር። አንጁሎ ቃሉን እንጂ ሻካራነቱን አላደረሰላትም።

እስከ በር ሸኛት። ጥቅሉን አነሣችና እጁ ላይ አኖረችለት።

«ላስገባለት?»

«ምን ብለህ? እሱንም ልታስተረጉምለት ነው?» ነጠላዋን አጣፋች። «አንተው ብላው።»

የተበላን መንገድ ይዛ ወረደች። ቦይናው ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ከውስጥ «ቀጣይ ባለጉዳይ!» የሚል የልጁ ድምፅ ተሰማ። አንጁሎ ጥቅሉን መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረና ገባ፤ ከጠረጴዛው በስተቀኝ ቆመ።