አሮጌው የስድብ ቃል

ጣሂራ የከሚሴ ልጅ ናት። አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ጥቂት ነጥብ ስለጎደላት ኳታር፣ ዶሃ መጣች። ረያን የሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ተቀጠረች። እንግሊዝኛ እንደምታውቅ ለማንም አልተናገረችም። ማዳም የምታዛት ልብስ እንድትተኩስና ምግብ እንድታበስል ነው፤ ለዚያ ዓረብኛዋ ይበቃል።

የማዳም ልጅ ሙኒራ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የተጻፈ የእንግሊዝ ቲያትር ያስተምራል። ቋንቋው ለእንግሊዞቹም ይከብዳል፤ ዛሬ የሚታወቀው ቃል ያኔ ሌላ ትርጉም ነበረው። ስለዚህ አባቷ፣ ጣሂራ ባባ የምትለው፣ ማሂር የሚባል አስጠኚ ቀጠረላት። ማሂር ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ሲናገር አገጩን ወደ ላይ የሚያነሳ ሰው ነው።

አንድ ሰኞ ከሰዓት ጣሂራ ሳሎን ስትገባ፣ ማሂር ለሙኒራ በእንግሊዝኛ «ያቺን ድራብ ሻይ አምጪ በያት» አላት። ሁለቱም ሳቁ። ሙኒራማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ጣሂራ መተኮሻ ክፍል ገብታ «ድራብ» የሚለውን ቃል ስልኳ ላይ ፈለገችው። «ደብዛዛ፣ ቀለሙ የለቀቀ» ይላል። ቀሚሷን አየችው። እውነትም ለቋል። ግን በደበዘዘ ቀሚስ ሰው እንዲህ ይስቃል?

መልሱን ያገኘችው በሳምንቱ ነው። ሙኒራ አዲስ የቲያትሩ ቃላት መፍቺ ተሰጥቷት ያረጀውን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ጣሂራ አንስታ ገለጠችው። በዚያ ዘመን ድራብ ማለት ጋለሞታ ማለት ነበር።

ካውያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የባባ ቶብ፣ ረጅሙ ነጭ ቀሚሱ፣ ከሥሩ ተቃጠለ። ለዚያም ሌላ ስድብ ጠጣች።

ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ሰፈር ሄደች። የአገሯ ልጅ ሱመያ እዚያ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች።

«ተይው፣ እንጀራሽ ላይ አትቁሚ» አለቻት ሱመያ ነገሩን ሰምታ።

«ወላሂ አልተወውም። የሰደበኝበትን ቋንቋ ከሱ በላይ አውቀዋለሁ።»

የቃላት መፍቺውን ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጨርቅ ሥር ደበቀችው። አንድ ልብስ ስትተኩስ አንድ ቃል ትይዛለች። ዛሬ «መፍቀድ» የሆነው «ሌት» ያኔ «መከልከል» ነበር። ዛሬ «ወዳጅ» የሚመስለው «ፎንድ» ያኔ «ቂል» ነበር። አንዳንዱ ያስገርማታል፤ አብዛኛውን ግን ጥርሷን ነክሳ ነው የምታጠናው።

ከወር በኋላ ሳሎን መስታወት ስትወለውል ማሂርን ሰማችው። «ዌርፎር ማለት የት ማለት ነው» ይላል፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሩቅ እንደሚያይ ሰው። ቃሉ «ለምን» ነው። ጣሂራ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ ሳቀች። ሰውዬው አያውቅም! ከዚያ ወዲህ ባስጠና ቁጥር ሳሎን ሥራ አታጣም። ሙኒራ «ፎንድ ወዳጅ ነው» የሚለውን ጨምሮ ስሕተቱን ሁሉ በቃሏ ስትይዝ እየሰማች ዝም አለች። ሦስት ወር ሙሉ ዝም አለች።

ሙኒራ ፈተናውን ወደቀች። ባባም ማሂርን ከማዳምና ከልጅቷ ፊት አስቀምጦ ለምን እንደወደቀች ጠየቀው።

«ልጅዎ ሰነፍ ናት» አለ ማሂር። «እኔ በደንብ አስረድቻታለሁ።»

ጣሂራ የሻይ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ዌርፎር ለምን ማለት ነው እንጂ የት ማለት አይደለም» አለች በዓረብኛ። «ፎንድም ወዳጅ አይደለም፤ ቂል ነው።»

ማሂር ሳቀ። «ከመቼ ወዲህ ነው ሠራተኛ የምታስተምረው?»

ባባ አልሳቀም። «ሙኒራ፣ የቃላት መፍቺውን ግለጪ» አለ። ሙኒራ ገለጠች። እንደ ጣሂራ ቃል ሆኖ ተገኘ።

«አንድ ቃል ይቀራል» አለች ጣሂራ። «ድራብ። ይህ ሰው በልጅዎ ፊት እኔን የጠራበት ነው። እሷ ታንብበው።»

ሙኒራ ፊቷ ቀላ። አንብባ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ትርጉሙን በዓረብኛ ለአባቷ ነገረችው።

«ቀልድ ነበር…» አለ ማሂር።

«እኔ ቤት? ልጄ ፊት?» ባባ ተነሳ። «ኸላስ፣ በቃ! ውጣ!»

ማሂር ቦርሳውን ሲያነሳ ወረቀቱ ተበተነበት። ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ጣሂራ ከበላዩ ቆማ አየችው። አላገዘችውም። ከዶሃ ሕይወቷ ሁሉ የምትወደው ያቺን ደቂቃ ነው።

ከዚያ ሙኒራ አለቀሰች። «ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም? እኮ ወደቅሁ!»

«አንቺም ስቀሻል» አለቻት ጣሂራ።

ማዳም ይህን ይቅር አላለችም። ልጄን እያየሽ ገደል ሰደድሻት ብላ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ ወደ ሌላ ቤት አዛወረችው። አሁን ጣሂራ አል ቱማማ ሰፈር ሁለት አዛውንት ትንከባከባለች። ሥራው ከበፊቱ ይከብዳል።

ባለፈው ዓርብ ሱመያ ጠየቀቻት፤ «ልጅቷ አታሳዝንሽም?»

«ታሳዝነኛለች» አለች ጣሂራ። «እሱ ግን ሌላ ቤት ገብቶ ያስጠናል አሉ። የትኛው ቤት እንደሆነ የሰፈሩን ሾፌሮች እየጠየቅሁ ነው።»