እጅ ቀጂው አስማረ

በንፋስ መውጫ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ራዲዮ ይጠግን የነበረው አስማረ እንደ ካሴት የሚንቀው ነገር አልነበረም። የዕለት ጉርሱ የሚገኘው ካሴት ከሚበላ ቴፕ መሆኑ ንቀቱን አልቀነሰለትም። «ካሴት ያለፈው ሥርዓት ቅሪት ነው፤ መጪው ዘመን የኮምፒውተር ነው» እያለ ቴፕ ሊያሠራ የመጣውን ገበሬ ሁሉ ይሰብካል። ገበሬውም ስብከቱን ሰምቶ፣ ቴፑን ተሸክሞ ይሄዳል። ንቃት በዚህ መልክ ተስፋፋ።

አስማረ ድጓ ጀምሮ የተወ ነው። ከትምህርቱ የተረፈችው የመምህሩ ልጅ አዛለች ብቻ ናት፤ አገባት። አማቱ የኔታ ይስሐቅ ድጓ በሚመሰከርባት ቤተ ልሔም ገብተው ያስመሰከሩ ሊቅ ሲሆኑ፣ ከመምህራቸው በአፍ ብቻ የተቀበሉት አንድ የዜማ አካሄድ ነበራቸው። ከእርሳቸው በቀር የሚያውቀው አልቀረም። ይህን ለተማሪ ሳያስረክቡ በ2001 ዓ.ም. ጉሮሯቸውን ታመሙና ድምፃቸው ጠፋ፤ ሹክሹክታ ብቻ ቀረላቸው። እጃቸው ግን እንደ ዱሮው ዜማውን በአየር ላይ ይከተል ነበር፤ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ቆሞ ይቆያል።

አስማረ ለዚህ እጅ ድምፅ ሊሰጠው ተነሣ። ከሞቱ ራዲዮኖች ሆድ ዕቃ አውጥቶ በጣውላ ላይ ድምፅ የሚያወጣ ማሽን ሠራ። ማሽኑ የሚታዘዘው በቮልቴጅ ነው፤ ማዞሪያው በእጅ ሲዞር ቮልቴጁ ከፍ ይላል፣ ድምፁም ይቀጥናል፤ ሲመለስ ይወፍራል። እውነቱን እንናገርና ይህን አሳምሮ ሠርቶታል። ሰው ሁሉ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በሚመላለስባት ከተማ አንድ ነገር ሠርቶ የጨረሰ እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የኔታ ማዞሪያውን በሁለት ሳምንት ለመዱት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አካሄዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አወጡት። ማሽኑ እንደ ንብ ቢያጉረመርምም አዛለች የአባቷን ዜማ ለየችው፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ከሱቁ አንድ ቴፕ አንሥታ መጣች።

«ድምፁን በዚህም ያዘው» አለችው።

አስማረ ሣቀባት። ድምፅማ ጥላ ነው፤ እሱ የሚቀዳው እጁን፣ ማለትም ቮልቴጁን ነው፤ ቮልቴጁ ከተያዘ ማሽኑ በፈለጉት ጊዜ፣ ለተማሪ እያዘገመ ይደግመዋል፤ ቴፕ ይህን ይችላል ወይ? ሲል አብራራ። አዛለች ማብራሪያ አልጠየቀችም ነበር።

ሽቦውን ከማዞሪያው ወደ ሱቁ ኮምፒውተር የማይክ ቀዳዳ ሰካ። የኔታ እንደገና አወጡት። እጃቸው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቮልቴጁን የሚያሳየው መሥመር ብድግ ይላል፤ አስማረም ተያዘ ይላል። እጃቸው ቆሞ ዜማው ሲረዝም መሥመሩ ተመልሶ መውደቁን ልብ አላለውም። ሰው የሚያየው የሚንቀሳቀሰውን ነው፣ በተለይ የነቃ ሰው።

የኔታ ላባቸውን ጠርገው ጠጋ አሉት።

«ልጄ፣ ይቺ ዕቃ ሰማችኝ?»

«ሰምታዎታለች፣ የኔታ።»

ከዚያ ወዲያ ማዞሪያውን አልነኩም። የካቲት ኪዳነ ምሕረት ሳትደርስ ዐረፉ።

በአርባቸው አስማረ ማሽኑን ከነኮምፒውተሩ ካህናቱ በተቀመጡበት ድንኳን አቆመ። ሞክሮት አያውቅም፤ ኮምፒውተር ይሞከራል እንዴ? ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ እምምም ብሎ ቀረ፤ አልፎ አልፎ እንደ ተረገጠ ጫጩት ጢው ይላል፣ ተመልሶ እምምም። አንድ አዛውንት መሪጌታ ወደ አስማረ ጆሮ ዘንበል ብለው የኔታ እንዲህ እንዳልነበሩ ነገሩት። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላከው ማስታወሻ ያዥ ግን «ቅርሱ በዘመናዊ መንገድ ተመዝግቧል» ብሎ ጻፈ፤ ጽፎም ጠላውን ጠጣ።

ጥፋቱ የተገኘው በማግስቱ ነው። ኮምፒውተሩ በድምፅ መግቢያውም በመውጫውም ላይ ካፓሲተር አለበት፤ ካፓሲተር ደግሞ የሚወዛወዘውን ያሳልፋል፣ የቆመውን ቮልቴጅ ያግዳል። አስማረ በዕድሜው ሺህ ካፓሲተር ነቅሎ ሺህ የተከለ ሰው ነው። በራዲዮ ቢሆን ኖሮ ዐይኑን ጨፍኖ ያገኘው ነበር፤ ኮምፒውተር ሲሆን ግን መፈተሹን እንደ ድፍረት ቆጠረው። የየኔታ አካሄድ ያለው ደግሞ በሚቆመው ላይ ነበር።

ካፓሲተሮቹን ነቅሎ ቦታቸውን በሽቦ አገናኘ። ማዞሪያውን ትንሽ አዙሮ ተወው። መሥመሩ ከፍ አለና እንደ ደህና ገበሬ ትልም ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሠራኮ» አላት።

አዛለች ያቺን ቴፕ በጨርቅ እየወለወለች ነበር። ቀና አላለችም።

«ማን ያዙርልህ?»